ሦስት ላይ የቆመ ኪቦርድ

ሰኔ 6 ቀን 2016፣ ሐሙስ

የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ዛሬ ተነሣ። በመቱ ክረምት ጣሪያ የሚያስነሣ ኮሚቴ የኛው ብቻ ነው። እስከ ጳጉሜን ያልቃል ብለዋል። እስከዚያ አምልኮው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ይሆናል፣ ኪቦርዱ ደግሞ እኔ ቤት ይከርማል። በባጃጅ ነው ያመጣሁት፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ደግፌ።

አብሮት አንድ ላፕቶፕ ተሰጠኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ሰቦቃ በሰው ፊት እንዲህ አሉኝ፦ «ጭምዴሳ፣ ከመስከረም ጀምሮ ለልጆቹ የፒያኖ ክፍል እንከፍታለን። ፒያኖ የሚያስተምር የኮምፒውተር ሶፍትዌር አለ ይላሉ፣ ያውም ብዙ ዓይነት። የትኛው እንደሚሻል አንተ ሞክረህ ምረጥልን። ካንተ በላይ ማን አለ?»

ካንተ በላይ ማን አለ። እንዳልረሳው ነው የጻፍኩት። አሥራ አራት ዓመት የኪቦርዱ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሊቺ ኪቦርዱን በደረቅ ጨርቅ ጠራረገችው። ከዚያ አንዱን ቁልፍ በአንድ ጣቷ ተጫነችና «አሁንማ እቤት ድረስ መጣልኝ፣ እማር ይሆን?» አለች። በተጋባን ዓመትም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። ጊዜ ሳገኝ አስተምርሻለሁ ብያት ነበር። አንደኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ኳየር ውስጥ ከኋላ ረድፍ ትዘምራለች፣ ከዚያ በላይ ምን ያደርግላታል? ደግሞም ጊዜ አላገኘሁም። ዘንድሮ ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው።

ሰኔ 12

ከምሠራበት መዝገብ ቤት ወጥቼ በቀጥታ መናኸሪያው አጠገብ፣ ነዚፍ ሱቅ። ኪቦርዱን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ኬብል ከስልክ ቻርጀሮች ሥር ቆፍሮ አወጣልኝ። ስለ ሶፍትዌሮቹ ግን «ናትናኤልን ጠይቀው፣ ደህና ኢንተርኔት ያለው እሱ ጋ ነው» አለኝ። ናትናኤል የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የመጣው አምና ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ። ረዥም። ጥርሱ ያምራል፣ እሱም ያውቀዋል።

ሦስት ሶፍትዌር በፍላሽ ይዞ እቤት ድረስ መጣ። ባለቤቴን «እትዬ ሊቺ» ይላታል። አስተዳደግ ያለው ይመስላል።

ሰኔ 15

የመጀመሪያው ሶፍትዌር የሚሰማው በማይክሮፎን ነው። ኬብል አያስፈልገውም፤ ተጫወት፣ አዳምጬ ስህተትህን እነግርሃለሁ ባይ ነው። ልክ ስቀመጥ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ገና አንድ ቁልፍ ሳልነካ ሠላሳ ሰባት ስህተት ቆጠረብኝ። ዝናቡ ሲብስ ደግሞ «በጣም ፈጠንክ» አለኝ። ሊቺ በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም ሳቅኩ። እዚህ አገር ክረምቱ መቼ ያልቅና ነው ይህ የሚሆነው? ተሰረዘ።

ሰኔ 16፣ እሁድ

ሁለተኛው። ባለ ቀለም ዘንጎች ከላይ ይወርዳሉ፣ ቁልፉ ላይ ሲደርሱ መጫን ነው። ብትስትም ይወርዳሉ፣ ባትስትም ይወርዳሉ። ማርክ አይሰጥም። የልጅ ጨዋታ ነው። ግን ሰው አያዋርድም።

ሰኔ 20

ሦስተኛው። መጻፍ አላሰኘኝም።

አራት። ከመቶ አራት።

ሰኔ 21

ይኸው ዛሬ ልጻፈው።

ናትናኤል ሦስተኛውን ሶፍትዌር ሲያሞግስ ነው የሰነበተው። ኖታውን ያሳያል፣ ከሥሩ የቁልፎቹን ሥዕል ዘርግቶ የምትጫነውን ያበራልሃል። ልክ ከሆንክ አረንጓዴ፣ ከሳትክ ቀይ፣ በመጨረሻ ከመቶ ማርክ። ናትናኤልና ሊቺ ከኋላዬ ቆመዋል። የሰጠኝ ዜማ ሕፃን የሚያስተኙባት ዓይነት ናት፣ አንድ እጅ ይበቃታል። ያበራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀይ። የሚቀጥለውን። ቀይ። እስከ መጨረሻው ቀይ በቀይ። «ጋሼ ጭምዴሳ፣ ኖታ ስላልለመዱ ይሆናል፣ አይዞዎት» አለኝ ናትናኤል። እኔን አይዞዎት። ሊቺ አፏን በመዳፏ ያዘች። ድንጋጤ ይሁን ሳቅ አላየሁም። ሳቅ ነው።

ለዚህ ደብተር ብቻ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የማውቀው አንድ የጣት አቀማመጥ ነው፣ የነጮቹ ቁልፎች። ጥቁሮቹን አልደፍራቸውም። ዘማሪው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትራንስፖዝ የሚሏትን ቁልፍ ተጭኜ ቁጥሩን እቀይራለሁ፤ ጣቴ ያው ነጮቹ ላይ ሆኖ ድምፁ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለኳየራችን የሚመቸው ሦስት ነው። ኪቦርዱም ሦስት ላይ ይውላል፣ ሦስት ላይ ያድራል፣ ቢጠፋም ቁጥሩን አይረሳም። ሕዝቡ የሚሰማው ድምፁን ነው እንጂ ጣቴን አያይም። በአሥራ አራት ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለሊቺም ነግሬያት አላውቅም።

ታዲያ ያ ሶፍትዌር በምን አወቀብኝ?

ሰኔ 28

ሊቺ የተማሪዎቿን ሰርተፍኬት ሰጥታ ጨረሰች። እስከ መስከረም ዕረፍት ላይ ናት። «እስቲ እሱን ቀይ ሶፍትዌር እኔም ልሞክረው፣ ለብቻህ አትዋረድ» አለችኝ። እየቀለደች ነው። ተቀመጠች። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል። በመጨረሻ ስድስት አመጣች።

በሁለት በለጠችኝ።

ሐምሌ 3

አገኘሁት።

ከቢሮ ስመለስ ሊቺ ገበያ ወጥታ ነበር። የእሁዱን ፋርፈና፣ የኦሮምኛ መዝሙሮቻችንን ማለቴ ነው፣ ልለማመድ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ በኬብሉ እንደተያያዘ ነው፣ ሦስተኛው ሶፍትዌርም ክፍት ነው። አንዱን ነጭ ቁልፍ ስጫን ሥዕሉ ላይ ሌላ ቁልፍ በራ፣ በሦስት የራቀ። ቀና ብዬ የኪቦርዱን ትንሽ መስኮት አየሁ። 3 ይላል። ለካ ኪቦርዱ በኬብሉ የሚልከው ጣቴ የነካውን ሳይሆን የተቀየረውን ድምፅ ነው። ያን ቁጥር ስንት ዓመት ስላየሁት ዓይኔ ትቶታል። ዜሮ አደረግኩትና ያችኑ የሕፃን ዜማ ተጫወትኩ። ሰማንያ አንድ። አረንጓዴ በአረንጓዴ።

ስትመጣ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ «ዛሬ እኮ አሥራ አንድ አመጣሁ» አለችኝ። እኔ ቢሮ እያለሁ፣ ሁሉ ነገር ቀይ እያለባት፣ ለብቻዋ ቁጭ ብላ ስትታገል ነው የዋለችው። ታዲያ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኪቦርዱ ነው ብላት ነገ ሰማንያ ልታመጣ ነው?

ወደ ሦስት መለስኩት። ለእሁድ ያስፈልገኛል።

ሐምሌ 4

«ጣትሽን ከነጭና ጥቁሮቹ ውጪ ሌላ ነገር እንዳታስነኪ» አልኳት ጠዋት ስወጣ። «በኳየሩ ልክ ነው የተሞላው፣ ከተዛባ እሁድ ጉድ እሆናለሁ።»

«ኧረ እሺ፣ ማን ነካብህ» አለች።

ውሸት አልተናገርኩም። የኳየሩ ልክ ነው።

ሐምሌ 11

ዛሬ ለምሳ ብቅ አልኩ። ጣቶቿን እያሻሸች ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጭምዴሳ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ያበራውን ነው የምጫነው። ለምንድን ነው ቀይ የሚለኝ? አሥራ አንድ ላይ ቆምኩ። ጣቴ ነው ጆሮዬ?»

ሽሮዬን እየበላሁ «ሁሉ ነገር ለሁሉ አይሰጥም» አልኳት። አንገቷን ደፋች። እኔ ተማሪዋ ብሆንና እሷ ይህን ብትለኝ ትምህርት እተው ነበር። ሳልጨርስ ተነሥቼ ቢሮ ገባሁ። ማታ እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ማታ መብራት አልነበረም።

ሐምሌ 16

ደሜ ፈልቷል። በሥርዓት ልጻፈው።

ዝናቡ መዝገብ ቤቱን ስላጥለቀለቀው ዶሴ አሸሽተን በዘጠኝ ሰዓት ለቀቁን። አጥሩ በር ላይ ስደርስ የሁለት ሰው ሳቅ ሰማሁ። የናትናኤል ጫማ ደጃፍ ላይ ወልቆ ተቀምጧል። ላፕቶፑን ሊያይላት ነው አሉ። ቆም አልኩ። የሊቺ ድምፅ ነው፦ «ተው፣ እንዳትነካው። ለጭምዴሳም እንዳትነግረው።» እሱ ደግሞ፦ «እሺ ሊቺ፣ እንዳልሽ።»

ሊቺ። እንዳልሽ። እትዬዋ የት ገባች? «እርስዎ» የት ገባ? በአንድ ወር ውስጥ ባለቤቴ እኩያው ሆነች ማለት ነው።

ስገባ ናትናኤል ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ሻይ ጠጣን፣ ስለ ጣሪያው አወራን። ምኑን ነው እንዳይነግረኝ የተባለው ብዬ ብጠይቅ አንድ ቃል ነበር፣ አልጠየቅኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ውስጥ ውስጡን እየነቀዘ ነው።

ሐምሌ 23፣ ያዮ

ትናንት ጠዋት ለመስክ ወጣን፣ የገበሬዎች የይዞታ መዝገብ ልናመሳክር። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናዋን ሁለቴ ገፋናት። ስልክ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ደወልኩ።

ሊቺ አነሣች። ከኋላዋ ፒያኖ ይሰማል። እሷ እኔን እያናገረችኝ ማን ነው የሚጫወተው?

«ሶፍትዌሩ ነው፣ ምሳሌውን እያሰማኝ» አለች።

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የጫካ ቡና አሳዩን፣ ማር አቀመሱን። ምንም አልጣመኝም።

ሐምሌ 25

ሥራው በአንድ ቀን ቀድሞ አለቀ። እንደምመጣ አልነገርኳትም። አንድ ነገር ማግኘት ነበር የፈለግኩት። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ባጃጅ ውስጥ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ ለሱ የምለውንም፣ ለሷ የምለውንም።

ለብቻዋ ናት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ ኤርፎን አድርጋለች፣ ድምፅ የለም፣ ቁልፎቹ ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። አልሰማችኝም። ቆሜ አየኋት። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው። ሰባ ስምንት። የያዘችውን ዜማ ጨርሳ ሌላ ጀመረች፣ እሱም አረንጓዴ። የኪቦርዱን መስኮት አየሁ፣ 3 ይላል። ጣቶቿ ደግሞ ጥቁሮቹ ላይ ነው የሚርመሰመሱት። ሥርዓት የሌለው አጨዋወት ነው። ጥቁሮቹ ላይ ምን ትሠራለች?

ዞር ስትል ደነገጠች፣ ከዚያ ፊቷ በራ። ተነሥታ አቀፈችኝ። እኔ እንጨት ሆኜ ቆምኩ። ሰው ባገኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። አሁን መልሼ ጻፍኩት።

ሐምሌ 26

ሊቺ ጎረቤት ስትሄድ ሞከርኩት። ቁጥሩን ሳልነካ፣ ሦስት ላይ። አምስት ከመቶ። ለሷ አረንጓዴ፣ ለኔ ቀይ።

ገባኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ በስሟ የተከፈተ ገጽ አለ። ናትናኤል ነው የከፈተላት። ገጿን ያለሰለሰላት እሱ ነው፣ የነካችው ሁሉ አረንጓዴ እንዲል። «እንዳትነግረው» የተባለው ይህ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነሐሴ 3

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጀርባ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተለጥፏል። ወረድኩና ሌላ ባጃጅ ጠበቅኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ነዚፍ ሱቅ ገብቼ ነገር አዞርኩ። ናትናኤል የሰው ቤት ያዘወትራል፣ የትዳር ቤት መሆኑን አይለይም አልኩት። ነዚፍ የያዘውን ስልክ አስቀመጠና አየኝ።

«ናትናኤል? መስከረም መጨረሻ ላይ ሊያገባ እኮ ነው። የጎሬ ልጅ ናት። ኧረ ጭምዴሳ፣ የሰው ልጅ ስም አታንሣ።»

አፈርኩ። ስወጣ ደረቴ ይቀለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ልጁ ሚስቴን አይፈልግም፣ አበቃ። ታዲያ ለምንድን ነው ያልቀለለኝ?

ነሐሴ 14

የኳየራችን መሪ ቢሊሴ ከልምምድ በኋላ «ሊቺ ፒያኖ ጀምራለች አሉ፣ ታድለህ» አለችኝ። እኔ ነኝ የታደልኩት። «ትሞክራለች» አልኳት።

ሌሊት ከእንቅልፏ ሳትነቃ ጣቶቿ ብርድ ልብሱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። አሥራ አራት ዓመት ስጫወት የኔ ጣት በእንቅልፌ ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

ነሐሴ 27

ሪፖርቱን ጻፍኩ። የማይክሮፎኑ በዝናብ ምክንያት አይሆንም። ባለ ኖታው ለኛ ሰው ጣት አይስማማም፣ ተማሪ ተስፋ ያስቆርጣል፣ ማርኩም አይታመንም። የሚሻለው ባለ ቀለሙ ነው። ባለ ቀለሙ ማንንም ፒያኒስት እንደማያደርግ አውቃለሁ። ዘንግ ሲወርድ እያዩ መጫን ብቻ ነው። ልጆቹ ይደሰታሉ፣ ወንበሬም ወንበሬ ሆኖ ይቆያል። ስለ ወንበሬ ያልኩትን ሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩትም።

ማስረጃ ቢሉኝ ሊቺ አለች። ሁለት ወር ሙሉ ለፍታለች። ኮሚቴው ፊት በስሟ ገጽ ሳይሆን በአዲስ ገጽ ትጫወት። ያኔ ያለሰለሰላት ሰው አይኖርም።

ክፉ አይደለሁም። እውነቱ ይውጣ ነው የምለው።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

ጣሪያው አልቋል፣ ነገ ይመረቃል። ዛሬ ከሰዓት ጋሼ ሰቦቃና ሁለት የኮሚቴ አባላት እቤት መጡ። ናትናኤልም መጣ። ከመምጣታቸው በፊት ኪቦርዱ ላይ ያለውን ጨርቅ ገልጬ አየሁ። ሦስት ላይ ነው።

ሪፖርቱን ቆሜ አነበብኩ። ስለ ሦስተኛው ሶፍትዌር ስደርስ «ባለቤቴ ሁለት ወር ሞክራዋለች፣ ውጤቱን ራሳችሁ እዩ» አልኩና «አዲስ ተማሪ» የሚለውን ገጽ በእጄ ከፈትኩ። ሊቺ አየችኝ። ረዘም አድርጋ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች።

ዘጠና አራት።

አንዱ አባል መነጽሩን አስተካክሎ ተጠጋ። ጋሼ ሰቦቃ «ይህ የፈረንጅ ነው፣ የኛን ትችያለሽ?» አሉና ራሳቸው አንድ የቆየ ፋርፈና ጀመሩ፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ ከኳየሩ ልክ እጅግ ዝቅ ብለው። እሳቸው ሲዘምሩ ሁልጊዜ «አንድ ጊዜ ጋሼ» ብዬ አስቁሜ ቁጥሩን የማወርደው እኔ ነኝ። በልማድ እጄ ወደ ትራንስፖዟ ቁልፍ ሄደ። ሊቺ ዓይኗን ከቁልፎቹ ሳታነሣ እጄን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገችና አገኘቻቸው። አጀበቻቸው። በሁለተኛው አዝማች ላይ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ተከትላቸው ወጣች። ጥቁሩም ነጩም ለሷ አንድ ነው። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም። ቀናሁ። ሌላ ስም ስሰጠው ከርሜያለሁ፣ ስሙ ግን ይኸው ነው።

«ማን አስተማረሽ?» አሏት ጋሼ ሰቦቃ።

ጠበቅኩ። ናትናኤል መሬት መሬት ያያል።

«ጭምዴሳ ነዋ» አለች። «ኪቦርዱን ሦስት ላይ ትቶልኝ ይሄዳል። ሶፍትዌሩ አንዱን ቁልፍ ሲያሳየኝ እኔ ሌላውን ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ። መጀመሪያ አስለቀሰኝ። በኋላ ግን ጥቁሮቹን ሳልፈራ ለመድኩ፣ ጆሮዬም ተከፈተ። ዜሮ ላይ ቢሆን ነጮቹን ብቻ ለምጄ እቀር ነበር።»

ጋሼ ሰቦቃ ተነሥተው ትከሻዬን መቱኝ። «ገለቶማ፣ ጭምዴሳ። ሚስቱን እንዲህ የሚያስተምር ስንት ወንድ አለ? እኔ አርባ ዓመት በትዳር ኖሬ ለሚስቴ ሬዲዮ መክፈት አላሳየኋትም።» ሁሉም ሳቁ። ሪፖርቴን አጥፈው አስቀመጡት። ሦስተኛው ሶፍትዌር ይሁን ተባለ፣ አስተማሪዋ ሊቺ ትሁን ተባለ፣ ልጆቹም በኔ ዘዴ፣ ኪቦርዱ ሦስት ላይ ሆኖ ይማሩ ተባለ። በኔ ዘዴ። ነገ ለምረቃውም ሊቺ ትጫወታለች። «አንተ ዕረፍ፣ አሥራ አራት ዓመት ደክመሃል» አሉኝ። በምርቃት ነው ከወንበሬ ያስነሡኝ።

ሸኝተናቸው ስንመለስ ብርጭቆ ማንሣት ጀመረች። ተቀመጥኩ።

«ሊቺ፣ እኔ እኮ ለዚያ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐምሌ አሥራ ስድስት። ናትናኤል ቁጥሩን አየና ችግሩ ይኸው አለኝ። ዜሮ ሊያደርገው እጁን ሲሰድ ተው፣ እንዳትነካው አልኩት። ላንተም እንዳይነግርህ አልኩት። ጭምዴሳ ረስቶት ነው፣ ራሱ ሲያየው ያስተካክልልኛል ብዬ እኮ ሳቅን።»

ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ ደረደረች።

«ቢሮ በሄድክ ቁጥር ጨርቁን ገልጬ አይ ነበር። ዛሬ አስተካክሎልኝ ሄዷል እያልኩ። ራሴም ዜሮ ማድረግ አያቅተኝም ነበር፣ አትንኪ ስላልከኝ አልነካሁትም። ዛሬ ጠዋት እንኳ አይቼዋለሁ።»

ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ መቁጠር ልማዴ ነው። ከሐምሌ አሥራ ሰባት እስከ ዛሬ፣ ያዮ ያደርኩባቸውን ሦስቱን ጠዋት ስቀንስ፣ አርባ ሦስት ጠዋት።

መስከረም 2 ቀን 2017

የምረቃው ዕለት ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ ሰማኋት። ስለዚያ አልጽፍም።

ክፍሉ እስኪከፈት ኪቦርዱ እቤት ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ከመሄዴ በፊት፣ እሷ ደጅ ውሃ እየቀዳች ሳለ፣ ጨርቁን ገልጬ ዜሮ አደረግኩትና መልሼ ሸፈንኩት። ቀኑን ሙሉ ዶሴ እያገላበጥኩ የማስበው እሷ ጨርቁን ስትገልጠው ነበር። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በጥድፊያ መጣሁ። እየተለማመደች ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ በትከሻዋ በኩል አየሁ። ቁጥሩ ሦስት ነው።

«ዜሮ አድርጌልሽ ነበር» አልኳት።

«አይቼዋለሁ» አለች፣ መጫወቷን ሳታቋርጥ። «መለስኩት። ለምጄዋለሁ።»